ስስ ከንፈር

ኮሎራዶ፣ ጥር፤ ሳይነጋ ደረሱ ከግድቡ ዳርቻ፣
ኦሪን የበረዶ ጋሪ ስቦ፣ ቨርና ባልዲ ብቻ።
ባልዲ ብቻ ስል ግን፣ ትከሻዋ ላይ አለ
ሟች ባሏ የተወላት የበረዶ መብሻ፤
እጀታው በፕላስተር ሦስት ጊዜ ተጠግኖ፣
ስለቱ ግን ዛሬም የሚናከስ እንደ ውሻ።

«ይሸከመናል?» አለ ኦሪን፣ አንድ እግሩን አንስቶ።
መልስ አልሰጠችም፤ አዞረች፣ አዞረች መብሻዋን፣
ጥቁሩ ውሃ ከሥር ፈላ ጉድጓዱን ሞልቶ።
«ክንድ ሙሉ» አለች፣ በእጇ ለክታ፤ «መኪና ይችላል።»
ያኔ ነው ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ያጓራው፤
ኦሪን ባርኔጣውን ያዘ።
«ተወው፣ ይንጠራራል። ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።»

ሮዝ ቀለም የነከሯት አንዲት የበቆሎ ፍሬ
ወረደች ወደ ጨለማው፣ ወደ ኮካኒ መንደር፤
የሳልሞን ዘር ነው እሱ፣ የባሕር ልጅ በስም፣
ግድብ ውስጥ ተወልዶ ግድብ ውስጥ የሚያድር፤
ጨው ቀምሶ አያውቅም።

ዘንጉ ጎንበስ አለ፣ እንደ ጨዋ ሰላምታ።
ኦሪን መነጨቀው።
ብርማ ጎን ታየ ጉድጓዱ አፍ ላይ ላንዳፍታ፣
ከዚያ ውሃ ብቻ፤
መንጠቆው ላይ ቀረች የሽንኩርት ልጣጭ የምታህል ከንፈር።

«ትራውት ቢሆን ጎትት፤ ጎረምሳ ነው፣ ይችላል።
ይሄ ግን ከንፈረ ስስ ነው፤ ሲጣደፉበት ይቀደዳል።
ዌንደል እኔን ከእናቴ ቤት እንዴት ያወጣኝ ይመስልሃል?
መሳቤን ሳላውቀው ነው፤ ሳውቅ ደርሼ ነበር።»

እስከ ቀትር ሁለት ትራውት፤ ኮካኒ የለም አንድም።
ነፋሱ በረታ፤ ኦሪን ጢም ላይ እስትንፋሱ ረጋ፣
እሷ ግን ክሩን በጣቷ ይዛ አልተነሣችም።
ድንገት ትንፋሿን ዋጠች፤
ጣቷ ብቻ ቀስ እያለ፣
ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል።
ኦሪን ባልዲውን ሊያቀርብ ተነሣ፤
ደግሞ ተወው፣ ቁጭ አለ።