ያዝ፣ ልቀቅ

ከአሥር ሰዓት ወዲያ ነው፤ ፀሐይ ከግንቡ ስትወርድ፣
የግቢው አሸዋ ግን ገና ከሥር ሲነድ፣
ገንደ ቆሬ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ፣
ሞተርህን አቁሜዋለሁ፣ ድንጋይ ደግፎት ከኋላ።
አንተ በርጩማ ላይ ነህ፣ ቀኝ ክንድህ በጀሶ ታስሮ፣
የሰፈር ልጅ ስሙን በእስኪርቢቶ ጀሶው ላይ ቆፍሮ።
«አቦ፣ ቶሎ በል» ትለኛለህ፤ «መብራት ሳይሄድ።»

መጀመሪያ ታንኩን በጨርቅ ሸፈንኩት ደራርቤ፤
የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ይሄን እንኳ ያውቃል ልቤ።
ሁለቱን ብሎን ፈታሁ፣ ክዳኑን አነሳሁ በቀስታ፤
አንድ ጣት የሚሞላ ጥቁር አተላ ተኝቷል በዝምታ።

የአባቴ ፒንሳ፣ አፈ ቀጭን፣ እጀታው ያረጀ፣
የምድር ባቡር ቁጥር ያለበት፣ ሠላሳ ዓመት ላብ የፈጀ።
አቴሊዬ ውስጥ የፉርጎ ፍሬን ሲጠግን ውሎ
እራት ላይ ይለን ነበር፣ ጉርሻውን መሀል ላይ ጥሎ፦
«ማስኬድማ ምን አላት፤ እሳት ያለው ሁሉ ያስኬዳል፤
ማቆም ነው ሙያው፤ ማቆም የማያውቅ ሰው ይጎዳል።»

ቀለበቷ ከፒንሳው ተስፈንጥራ አሸዋው ውስጥ ሰመጠች፤
በአራት እግሬ ስዳክር አንተን መጀመሪያ ጊዜ አሳቀች፣
ከደንገጎ ወዲህ።

ፒስተኑ እምቢ አለ።
በጎማ መንፊያ ነፋሁት፤ ጧ ብሎ ወጣ ከነሞላው።
ጎሚኒው አብጧል፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ጉንጭ።
አሸተትኩት። ደረስኩ እንግዲህ ከነገሩ ምንጭ።
የሞተር ዘይት ነው።

ያን ቅዳሜ ሞተርህን ለአንድ ሰዓት ተውሼ
የፍሬኑ ዘይት ጎድሎ አየሁ፤ ሞልቼ ልሰጥህ መልሼ
ከአንድ ባጃጅ ነጂ የተረፈ ኮዳ ለምኜ
ዘይት ዘይት ነው ብዬ ጨመርኩት፣ አዋቂ ሆኜ።
የፍሬን ሠሪ ልጅ!
ሰኞ ከሐረር ስትመለስ፣ ደንገጎን ስትወርድ፣ ጥምዙ ላይ
ፍሬኑ ያዘ፤ ልቀቅ ብትለው አልለቀቀም አለ፤
የፊት ጎማው ደርቆ ቀረ፣ ሰማይ ከመሬት ተቀላቀለ።
አንተ ለጠያቂው ሁሉ «ጠጠር ነው» ትላለህ፣ «የመንገዱ ጠጠር»፤
እኔም ፍራሽህ ጫፍ ቁጭ ብዬ ጠጠሩን ስረግም ነበር።

ሲሊንደሩን በአልኮል አጠብኩ፤ ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁ፤
ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሰፊዋን ወዲያው አገኘሁ።
ሌላዋ የመርፌ ጫፍ አታህልም፤ አተላው ደፍኗታል።
ከሽቦ ብሩሽ አንድ ፀጉር ነቅዬ ሰደድኩባት፣ እስትንፋሴን ይዤ፤
ዘይት በሷ በኩል ካልተመለሰ
የጨበጠ ፍሬን አይለቅም።
ከመጋላ የገዛሁትን አዲስ ጎሚኒ በንጹሕ ዘይት አርሼ፣
ከንፈሩን ወደ ውስጥ አዙሬ፣ እንዳይታጠፍብኝ ሳስቼ፣
ገፋሁት። ቀለበቷ ቦታዋን አገኘች፤ ቀጭ አለች።

አሁን እጅ ያስፈልገኛል፣ አብዶሽ።
ግራ እጅህን በደረትህ ላይ አሻግረህ ፍሬኑን ጨበጥክ።
እኔ ከታች፣ ከጎማው ጥግ፣ ቁልፉ ብሎኗ ላይ፣
የላስቲክ ቱቦው ጫፍ ሃይላንድ ውስጥ ጠልቆ።
ያዝ። ፈታሁ፤ አረፋ ወጣ። ዘጋሁ። ልቀቅ።
ያዝ። አረፋ። ዘጋሁ። ልቀቅ።
ከደቻቱ ማዶ አዛን ተሰማ፤ የሰፈሩ መብራት እንደፈራኸው ሄደ፤
የስልክህን መብራት በጥርስህ ነክሰህ አበራህልኝ።
ያዝ። ትንሽ አረፋ። ልቀቅ።
ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ብሎኗን ፈትቼ ሳለ፣

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዘይቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ብርሃኑ አልተንቀሳቀሰም።
ቱቦው መሀል አንዲት አረፋ ቆማ ቀረች፣
ወደ ላይም ወደ ታችም ሳትል።
ስልኩን ከጥርስህ አወጣህ።
«ብሎኗን ዝጋ» አልከኝ፣ «አየር ይገባል።»

ዘጋሁ።
«ልቀቅ» የምትለዋ ቃል አፌ ውስጥ ደረቀች።
ይዘሃል አሁንም።