ወራጅ አለ

ሰባት ዓመት ሙሉ ማርቆስ መናኸሪያ
«አማኑኤል! ደምበጫ! ጅጋ! ፍኖተ ሰላም!» ሲል የኖረው አንማው
ማክሰኞ ማታ ነው በነጠላ ታስሮ እኛ ዘንድ የመጣው።
ሦስት ሌሊት አልተኛም።
«ትርፍ ጭኛለሁ» አለኝ፣ ጭንቅላቱን ይዞ፤ «ቆመው ይጋፋሉ፣
አንዱ ይሰድበኛል፣ አንድ ሽማግሌ ሂሳብ ይቆጥራል፣
አንዲት ሴት ታለቅሳለች፤
ከፍሎ የገባ የለም። ውረዱ ብላቸው ወዴት ይወርዳሉ?»

ጓደኞቹ ከበር ላይ ሣቁ፤ ሣቃቸው ከልብ አልነበረም፦
«አማኑኤል ሲል ኖሮ፣ አማኑኤል ሊገባ!»
እህቱ ይታይሽ ዘወር አለች። «ወንድሜ የጠራው
ከተማውን ነበር።» ሌላ አልጨመረችም።

የስምምነቱን ወረቀት ሁለቴ አነበብኩላት።
«ይሻለዋል?» አለችኝ። «ያንን ለማወቅ ነው» አልኳት።
ይኼ መልስ አይደለም። አውራ ጣቷን ቀለም ነከረች፣
ትኩስ ብረት እንደሚነካ ሰው፣ ነክታ አነሣች።

ፖስታው ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ነው፣ ዐሥራ ሰባት።
ነባሩ ይሁን አዲሱ መድኃኒት
ሐኪሙም አያውቀው፣ እኔም የምሰጠው።
ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ምላሱን አስነሥቼ አያለሁ ሲውጠው።
ከዚያ ቅጹን ልሙላ፣ ከአንድ እስከ ሰባት፦
የጆሮው ጩኸት ስንት? ጥርጣሬውስ ስንት?
ሰባት ማለት የከፋ፣ አንድ ማለት የለም።
ለእንባ ቦታ አጣሁ፤ ዳር ላይ በእርሳስ ጻፍኩት፣ አልደፈርኩም በቀለም።

በስድስተኛው ቀን እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ሾርባው ፈሰሰ።
በስምንተኛው ዋለ ተኝቶ።
በዘጠነኛው «ቀኑ ምንድን ነው?» አለ፤ ወረቀቱን አስመጥቶ
ራሱ አነበበ፣ ራሱ ፈረመ፣
ትኬት እንደሚቆርጥ ሰው፣ ቆሞ፣ ጉልበቱ ላይ፤ ፊርማው የተጣመመ።

ትናንት ከማቻክል በኩል ዝናብ ሲመጣ
መስኮቱ ሥር ሆኖ፣ «ሲስተር» አለኝ ቀስ ብሎ፣
«ተሳዳቢው አማኑኤል ላይ ወረደ።
ሽማግሌው ደምበጫ፣ ሂሳቡን ሳይጨርስ፣ መንገድ ለመንገድ ሄደ።
ሴቲቱ ብቻ አለች፣ ከኋላ ወንበር፤ ማልቀሷን ትታለች።
ወራጅ አለ አላለችም፣ እኔም ውረጂ አላልኳት፤
በዚህ ዝናብ የት ትሄዳለች?»

ሦስት ብዬ ጻፍኩኝ። ሰረዝኩት። ሁለት።
እንደገና ሦስት።
እሱ ሐሙስ ይወጣል። ፖስታው ገና ታሽጓል፣
ዐሥራ ሰባት ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ ካለ፣ ሌላ አገር ተቀምጧል።