ሉ እና ሊ

ሰኞ ነው፤ የባቲ ገበያ ሲፈታ፣
እብሬ ቤት ገባ፣ ጥላው ሲበረታ፤
ሁለት ጣሳ ነጭ ቦሎቄ በፌስታል አንጠልጥሎ፣
ከሙን በወረቀት፣ ቲማቲሙን በሽርጡ ጠቅልሎ።

ከመጣ ዘጠኝ ወሩ። ስለ መንገዱ አልተነፈሰም፤
እኛም ዝም፤ ያልጠገገ ቁስል በጣት አይዳሰስም።

"ምን ልትሠራበት ነው?" እናቴ ድስት እያጠበች።
"ሉቢያ" አላት።
"ሊቢያ" ብላ ሰማች።
ክዳኑ አመለጣት፤ እስከ አጥሩ ጥግ ተንከባለለ፤
ዶሮው ተበተነ፤ ጎረቤት "ምንድን ነው?" አለ።
"ደግሞ ልትሄድ? ደግሞ?" ቃሏ ተቆረጠ፤
እሱ እየሳቀ ከፊቷ ተቀመጠ።
"'ሉ' ነው እማ፣ 'ሉ'! 'ሊ' አይደለም፤ አብሽሪ፤
ወጥ ነው፤ ቦሎቄ ነው፤ ካላመንሽ ቁጠሪ።"
ቆጠረች። እውነቴን ነው፣ በጣቷ ቆጠረች፤
አርባ ላይ ስትደርስ ነው ትንፋሿን ያገኘች።

እኔ አንደኛ ክፍል ሀ ሁ ነው እንጀራዬ፤
ያን ማታ ሁለቱን ጻፍኳቸው፣ በሩ ላይ፣ በጠመኔዬ፤
ያቺ ጭረት ወገብ ላይ ስትቀጠል፣ ድስት ናት፣ ማዕድ ናት፤
እግር ሥር ስትወርድ መንገድ ናት፣ አሸዋ ናት።

ማታ ዘፈዘፈው። ሌሊት ሁለቴ ተነሣ፤
በስልኩ መብራት እያየ ውሃ ጨመረበት፣ ጣሳ በጣሳ።
"በቃው እኮ" አልኩት ነቅቼ። ቀና አላለም፤
"ይጠጣ" አለኝ፤ "ይጠጣ። ውሃ ለማንም አይበዛም።"

ጠዋት ሲጥድ እናቴን አላስችል አላት፦
"ሽንኩርቱ ሳይቁላላ? ይኼ ምን ወጥነት?
ቅቤስ? ኮረሪማስ? ጥቁር አዝሙድስ የለውም?"
"የለውም እማ።"
"እንግዲያ ይኼ ለሐዘን ቤትም አይሆንም።"

ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን፣ ሁሉን ባንድ ጊዜ ጣደው፤
ሰባት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ሳይወቅጥ ጨመረው፤
ከሙኑን በመዳፉ አሽቶ አሸተተው፣
ዓይኑን ጨፈነ። የት እንደሄደ እሱ ነው የሚያውቀው።
ሦስት ሰዓት ፈላ። ከሰሉ ሁለቴ ተተካ፤
ልቡ ቅቤ እስኪሆን፣ ቅርፊቱ ግን ሳይነካ።

ከዚያ፣ ማማሰያው እየዞረ፣ ለእኛ አይደለም፣ ለድስቱ ነገረው፦
"መጋዘን ውስጥ ነበርን። ሠላሳ ስድስት ሰው።
አንድ የቱኒስ ሽማግሌ ነበር፣ ዘበኛ፤
አርብ አርብ በፍርግርጉ፣ ከራሱ ድስት ቀንሶ ለኛ።
ጣሳው አንድ። ዳቦው አንድ። ማን ይቅደም? ትንሹ።
እኔ ትንሹ አልነበርኩም።"
ጨው ቀመሰ። ከደነው።

ሽታው አጥር አያውቅም። እትዬ መዲና መጣች፤
መሬት ቁጭ አለች፤ ክዳኑን ከፍታ አየች።
"የኔ አወል በልቷል ከዚህ?"
ማማሰያው ቆመ።
ድስቱ ብቻ ተናገረ፣ ቶክ ቶክ፣ እየደጋገመ።
"በልቷል። ደግሟል እንጂ። ሁሌ ይል ነበር፣
'ቁንጥር በርበሬ ቢኖረው፣ ይኼ ነው የቤት ነገር።'"

ሳቀች! ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሰማነውን ሳቅ፤
"የኔ ጉድ! ያለ በርበሬ መቼ ሊዘልቅ!"
ሮጣ ሄዳ አመጣች፣ ጥቁር ፌስታል ሙሉ፤
ሦስት ማንኪያ ገለበጠች፤ ቀላ ቦሎቄው ሁሉ።
ተበላሸ፣ በአጭሩ። ግን በዳቦ ጠርገን በላን፤
እብሬ ዕንባው ሲወርድ "በርበሬው ነው" አለን።

ማታ ሳህን ሳጥብ፣ አመድ እያቀበለ፣
"አወል መጋዘኑን አላየውም" አለ፤
"ከኩፍራ ወዲህ ነው። ጀሪካኑ ያለቀ ዕለት።"
ሌላ ሳህን ሰጠኝ። አጠብኩት። አጠብኩት።

በሳምንቱ፣ ሰኞ ማለዳ፣ በራችን ተንኳኳ፤
በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ቦሎቄ ነው ለካ፤
ፊደል አልቆጠረች መዲና፣ ሀን ከለ አትለይ፤
"የልጄን ምግብ ሥሩልኝ። ያቺን… ምን ነበር?" አንጋጠጠች ወደ ላይ።
"ሉ" አለች። "ሉቢያ።"
አጥርታ። ጭረቷ ወገብ ላይ።