ለፖስተኛዋ የመጣ ጥቅል

ሠላሳ አንድ ዓመት በብስክሌት ዞሬ፣
በሳሬማ ደሴት፣ በጥድ ደን በኩሬ፣
የሰው ደስታና መርዶ በጀርባዬ ጭኜ፣
ለእያንዳንዱ ደጃፍ ደውልና ዓይን ሆኜ፣
ለራሴ አንድም ጥቅል አድዬ አላውቅም።

ታዲያ ባለፈው ሰኞ
አዲሷ ፖስተኛ፣ ኬርቱ፣ በሬን አንኳኳች።
ፈርሜ ስቀበል እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ብዕሩ ከስሜ ላይ ሁለት ጊዜ አመለጠ።

የወንድሜ ልጅ ነው፣ ራይት፣ ከታርቱ የላከው፤
ካሜራ። ከሳጥኑ ጋር ቁራጭ ወረቀት አለው፦
«ኪስ ትገባለች፣ አክስቴ፤ አነሰች ብለሽ አትናቂ፤
ባትሪዋን ቀድመሽ ሙይ፤ አትቸኩይ፣ ጠብቂ።»

ጠበቅኩ።
ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ሽቦዋ ግድግዳው ላይ፣
እሳት ላይ እንዳለ ወተት ዓይኔን ሳልነቅል ሳይ።
ሚሞሪ የሚሏት ካርድ ከቴምብር ታንሳለች፤
በቀኝ ባስገባት እምቢ፣ ገልብጫት ገባች።

ስትበራ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ነገር
ቋንቋ ነው፤ ዝርዝሩ ረጅም እንደ ባቡር።
የኔን ከጎረቤቶቹ መሃል አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት፣
እንደ ዓይናፋር እንግዳ፤ በጣቴ ተጫንኩት።
ቀጥላ ቀን ጠየቀች። ሳቅሁ፤ ማንን ብላ!
የማህተሙን ቁጥር ያዞርኩ እኔ አይደለሁም ወይ፣ ቁርስ ሳልበላ፣
የደሴቱን ዛሬ በቀለም፣ በአውራ ጣቴ
እያተምኩ ያደልኩ?
ሜይ አስራ አራት አልኳት፣ በሙሉ ኩራቴ።

የመጀመሪያ ፎቶዬ? የጣቴ ሥጋ ነው፣
ሮዝ ደመና መስሎ ግማሹን የሸፈነው።
ሁለተኛው ወለል። ሦስተኛው... እኔንጃ፤
መጋረጃው ይሁን፣ የድመቷ ስጋጃ።

ራይት በስልክ ሳቀ፤ «አዝራሩን አትምቺ፤
በግማሽ ተጫኚና ትንፋሽሽን ዋጪ።
አረንጓዴ ሳጥን ፊት ላይ ሲመጣ፣
ያኔ እስከ ታች ድረስ» አለኝ ሳይቆጣ።

በግማሽ መጫን!
ይህን ቀድሜ ባውቅ
ስንቱን ደወል በግማሽ ነክቼ እቆም ነበር፣
ውስጥ ያሉት አንዲት ትንፋሽ እንዲስቡ፣ ሳይከፈት በር።

ከዚያ ዙሙ።
ጉር እያለ አፍንጫዋ እንደ ኤሊ አንገት ወጣ፤
የማዶው ዳርቻ ተነስቶ ወደኔ መጣ።
ሸምበቆው፣ የተገለበጠው ጀልባ፣ የዝይዋ እግር፣
በተራ በተራ፣ እንደ ደብዳቤ፣ በእጄ ሲደረደር።
ግን መስመር አለ። መስታወቱ የሚያየው እዚያ ድረስ ነው፤
ከዚያ ወዲያ ካሜራዋ በግምት ነው የምትሞላው፤
ዝይዋ ወደ ጥራጥሬ፣ ወደ አሸዋ ትበተናለች።
ይህን ማንም አያስተምረኝ፤
ከፖስታው ጀርባ አልፋ ላንብብ ያለች ፖስተኛም
የራሷን አሸዋ ታነባለች።

መስመሩን ሳላልፍ፣ ማዶ ወዳለው ቤት፣
ወደ ኤልማር ዞርኩ፤ ደጁን ካልረገጥኩ ሦስት ዓመት።
የደብዳቤ ሳጥኑ ዛሬም እንደተጣመመ ነው፣
በበረዶ ቀን በብስክሌቴ እጀታ የገጨሁት፣
«ተይው፣ እኔ አቀናዋለሁ» ያለው።
ምስሉ ዋኘብኝ። ክርኔን አጥሩ ላይ አሳረፍኩ፤
መስኮቱ ውስጥ ሰው አለ። በግማሽ ተጫንኩ።
አረንጓዴዋ ሳጥን ፊቱን ፈለገች፣ ፈለገች፣
እንደ ተሳሳተ አድራሻ፣ ሳታገኝ ቀረች።

ፊት የለማ!
በዓይኖቹ ቦታ ሁለት ክብ መስታወት፤
ኤልማር በሩቅ መነጽር
እኔኑ እያየ ቆሟል።
ከመቼ ጀምሮ? ዛሬ ነው? ወይስ ሦስቱንም ዓመት?

መነጽሩን አወረደ። እጁን አነሳ።
እስከ ታች ተጫንኩ፤ ዘግይቼ፣ ደንግጬ፣
ትንፋሼን መዋጥ ረስቼ።

ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ እጁ የጢስ ቁራጭ ይመስላል።
ጥጉ ላይ ቀኑ ግን
እንደ ደህና ማህተም ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

ካሜራዋን አጠፋሁ፤ አፍንጫዋ ተመልሶ ገባ።
ወደ ጓሮ ሄጄ
የብስክሌቴን ጎማ ነፋሁ።