አያልቅም ያሉት ጠጠር

ሌሊት ነው ጁባይል፤ የኔ ነው ፈረቃ፣
ከገንዳው በስተቀር አንድ የለም የነቃ።
ወበቁ መስኮቱን በላብ ያጥበዋል፤
ሻይ የሚመስለውን ቱቦ ያመጣዋል፤
ስኳር የሌለበት፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት፣
«ፌኖል» ነው የሚሉት በላቦራቶሪ ቤት።

ባክቴሪያ ቀመሰው፣ ተፋው መለሰና፤
ሦስት ቀን ታመመ፤ አላገገመም ገና።
ክሎሪን ሰጠነው፤ ባሰበት ግማቱ፣
ጠላቱን አግብቶ ሌላ ሆነ ፊቱ።

ከዚያ ኦዞን መጣ፣
ከታሰረ መብረቅ፣ ከቱቦ የወጣ፤
ሁለት ኦክስጅኖች ተቃቅፈው በጓዳ
ሦስተኛ የገባ፣ ጥሪ አልባ እንግዳ፣
ለመውጣት ሲቸኩል ያገኘውን የሚጎዳ።
ሽታው እንደ ስለት፤ መብረቅ የመታው ሜዳ፣
ሰኔን ያስመስላል፣ ዝናብ በሆነበት ባዳ።

እሱም ብቻውን ግን ጉልበቱን ጨረሰ፤
ቀለሙን ገፈፈ፣ ሥሩን አልበጠሰ።
ውሃው ነጣ፣ አዎ፤ መልኩ ኩልል አለ፤
መለኪያው ግን «አለ» አለ፤ ደግሞ «አለ፣ አለ።»

ቲካራም ኔፓሉ «ጠራ እኮ!» ብሎ ሳቀ።
እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ልቤ ነገር አወቀ።
ያደግሁበት ወንዝ ማቅለሚያ ነበረው፤
ሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቀይ ያሰክረው።
እሑድ ሞተሩ ሲያርፍ ይጠራል እንደ ጠል፤
ቀዩን ስታይ የምትሸሽ ላማችን፣ ጠራ ስትል፣
ጠጣችው እሑድ ለት፤
ሰኞ ነው የሞተች፣ በቆመችበት በረት።
ከዚያ ወዲህ ለኔ ጠራ ማለት ጥሩ አይደለም፤
ዓይን ይታለላል፤ ጨጓራ አይታለልም።

ኢንጂነር ማዕሱማ፣ የቀጢፍ ዓሣ አጥማጅ ልጅ፣
ከረጢት አስጎትታ ቆመች ከገንዳው ደጅ።
ጥቁር ጠጠር ነበር፣ ሽምብራ ያህላል፣
ማንጋኒዝ ለብሶ ጣት ላይ ጥላሸት ይጥላል።
«ካታሊስት ነው» አለች፤ «ሥራ ያፋጥናል፤
ራሱ ግን አያልቅም፤ እንደ ገባ ይገኛል።»

ገባኝ በአማርኛ፤ ሽማግሌ ነው ለካ፣
ከሁለቱ መሀል ቁጭ ብሎ ነገር የሚለካ፤
ግን አስታራቂ አይደለም፤ ጠብ ጫሪ፣
ተቧቅሰው ሲያልቁ ብቻውን ቀሪ።

ኦዞን ጥቁሩን ጠጠር ሲነካ ይሰበራል፤
ከስብራቱ መሀል አንድ ቁጡ ይፈጠራል፣
ዕድሜው ጥቅሻ የማይሞላ፣ ስሙ ራዲካል፤
የፌኖልን ቀለበት ነክሶ ያወልቃል።

ሌሊቱን በሙሉ መለኪያው ወረደ፣
መቶ አርባ፣ ዘጠና፣ ሠላሳ፣ ዐሥራ ሦስት፤ ከዚያ ወዲያ ከበደ።
ቲካራም አልሳቀም።
እኔ ሳቅሁ።

በዐሥረኛው ወር ገንዳውን ከፈትነው፤
አያልቅም ያሉት ጠጠር ግማሹ ዱቄት ነው።
የቀረውም ዝሏል፣ ቆዳው ዝቃጭ ለብሷል፣
ማንጋኒዙ በጥቂት በጥቂቱ ፈሷል።
በአሲድ አጠብነው፣ በምድጃ ጋገርነው፣
ጥቁረቱ ሲመለስ ወደ ገንዳው ጣልነው።
የኔም ኢቃማ ታደሰ በዚያው ሳምንት፤
ዘጠነኛ ዓመት።
«መጽሐፉ ይዋሻል» አለች ማዕሱማ በቀስታ፤
የጠጠሩን ይሁን የጣቴን ልጣጭ አይታ
አልጠየቅሁም።

ውሃው ይወጣል አሁን በስተጀርባ በር፣
የመንገዱን ዳር ተምር ሊያጠጣ ሲያድር።
ንጋት ላይ አንዲት ወፍ ከመውጫው ጠርዝ ቆማ
ጎነጨች፣ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ፣ ደግማ ደግማ።

ኩልል ያለ ነው። ጠርቷል።
ዛሬ እሑድ ነው።
ነገ ሰኞ ፈረቃዬ አይደለም፤
እመጣለሁ።