ግልባጭ

ሻርጃ፣ ሰነዓያ፣ ከጎማ ቤት ጀርባ፣
ቆርቆሮው ሳይግል፣ በሩን ከፍቼ ስገባ፣
የመኪና ወንበር ቆዳ እሰፋለሁ።
ግራኝ ነኝ፤ ክሬ ወደ ግራ ያዘማል፤
ኡስታድ ራዛቅ ያየውና "ጠማማ!" ይላል፤
ደግሞ ይስቃል፤ "ጠማማው ይከርማል።"

በመርፌዬ የማውቃቸው ሁለት መኪኖች አሉ፤
ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ወንበር፣
አፍንጫቸው ዝቅ ያለ፣ ከአስፋልት ጋር ሊመክር።
አንዱ የኻልፋን ነው። በፈረንጅ ስልሳ አራት
ጣልያን ተወልዶ፣ ሻንሲው ላይ ቁጥሩ እንደ ንቅሳት
የተወጋ፤ በጨረታ የተገዛ፤
ዋጋው ሲጠራ ሰው አፉን የሚይዝለት።

ሌላዋ የቶማቸን ናት። የሂሳብ ሠራተኛ፤
አሥራ አንድ ዓመት ከስድስት ሰው ጋር አንድ ክፍል የተኛ።
አካሏ ፋይበር፣ ሞተሯ ከተገጨ ቶዮታ የወጣ፤
እዚሁ ጋራዥ ተቀዳች፣ እዚሁ ደረቀች፣
በኡስታድ እጅ ተሞረደች፣ በኔ መርፌ ለበሰች።

አርብ ማለዳ ከባሕሩ ዳር ይሰለፋሉ።
ባለ ዋናዎቹ በጥላው በኩል፣ ባለ ቅጂዎቹ በፀሐይ፤
መሬቱ ላይ መስመር የለም፤ ግን መስመሩን የማያይ
የለም።
ረፋዱን ሙሉ ስለ ዋና ይሟገታሉ፣
እዚያው ውሃው አጠገብ፤
አንዳቸውም ሲዋኙ አላየሁም።

ኻልፋን ማግኔት አለችው፣ በመሐረብ የጠቀለላት፤
የሰው መኪና ጎን ያስጠጋታል፤ አልይዝ ስትለው
"ፕላስቲክ!" ይላል። ያጅቡታል በሳቅ።
ቶማቸንም አብሮ ይስቃል፤
እጁ ግን የመኪናዋን ጉንጭ
እንደታመመ ልጅ ግንባር ይዳብሳል።

በረመዳን አንድ ሌሊት ኻልፋን ብቻውን መጣ፣
መኪናውን በሸራ ሸፍኖ፣ በጭነት አስጭኖ።
"የግራ በሩ ይንኳኳል፤ ድምፁን አጥፉልኝ።"
ኡስታድ ቀለሙን ፋቀ። ዝም አለ።
ደግሞ ፋቀ።
በሩ ፋይበር ነው፤ ከቶማቸን በር ጋር ከአንድ ቅርጽ የተቀዳ፤
ከዓመታት በፊት ስሙን ያልነገረን ደላላ ያሠራው።
ወለሉም የኡስታድ ብየዳ።
እኔ ወንበሩን ገለበጥሁት፤
ክሩ ወደ ግራ ያዘማል።
ከጣልያን የመጣው ቁጥሩ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤
ቁጥሩና መዳፍ የምታህል ብረት።

ኻልፋን ማግኔቷን አውጥቶ በሩን አስነካት፤
ወደቀች።
መሬት ላይ አንድ የዛገ ሚስማር አገኘች፣
እሱን ይዛ ቀረች።

አፋችንን እንድንይዝ ገንዘብ ሰጠን። ተቀበልሁ።
የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ነበር፤
አላፈርሁም ልል ነበር፤ ትንሽ አፈርሁ።

እኔስ? ደላላው ቦሌ ላይ በሰጠኝ ወረቀት
ሩቅያ ነኝ፤ ሃያ አራት ዓመት፤
ያኔ አሥራ ስምንት እንኳ አልሞላኝም።
የኻልፋን መኪና ቁጥሩ ዋና፣ አካሉ ቅጂ፤
እኔ ደግሞ ግልባጩ፤
አካሌ ዋና፣ ቁጥሬ ቅጂ።
ፖሊስ ሲያስቆመኝ የሚያምነው ቁጥሩን ነው።

ትናንት ቶማቸን መጣ።
"ድሮ ሠሪዎቹ ስማቸውን ይፈርሙ ነበር አሉ፤
አንቺም ከወንበሩ ስር ፈርሚልኝ።"
የቱን?
መርፌዬ ትንሽ ዘገየች።
ከዚያ እዚህ ማንም በማያነበው ፊደል፣
በቀይ ቆዳ ላይ በቀይ ክር፣
እናቴ ያወጣችልኝን ሰፋሁ፤
ውድነሽ።
"ምን ይላል?" አለኝ።
"ለመኪናዋ ነው" አልሁት፤ "ውድ ነሽ፣ ይላል።"
ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤
ፊደሉም ወደ ግራ ያዘማል።