የድንበር ሩር

ተምጫን ተሻግሮ፣ ከደምበጫ በታች፣
አንድ ማሳ ነበር፤ ባለቤቱ አንጓች።
ላይ ሰፈር «የኛ ነው»፣ ታች ሰፈር «የኛ»፣
ክርክሩ አርጅቶ ሲሸብት ዳኛ፣
ጠራቢው ቢምረው የወይራ ሥር ምሶ
አንዲት ሩር አበጀ፣ ሞርዶ አለስልሶ።
«ቆልማማ ዱላችሁን አንሡ፣ ተጋፉባት፤
ድንበር እዚያ ይሁን፣ ሲመሽ ካረፈችበት።»

እንዲህ ተጀመረ ይላል አያ ጫኔ።
(ወሬ ያበዛል እሱ፤ አልምልም እኔ።)

በዓመት በዓመቱ፣ በጥር ማለቂያ፣
ድንበር ሲንከባለል ወዲህና ወዲያ፣
አንጓች አምና የላይ፣ ዘንድሮ የታች ናት፤
ደጇን ሳትሻገር ሰፈር ቀየሩባት።
ለሁለቱም ማኅበር፣ ለሁለቱም ግብር፤
አጨዳው ሲደርስ ግን ዝር የሚል የለም ከበር።

አንድ ዓመት በምሽት፣ አቧራው ሲጨስ፣
ሩሯ ከእግሯ ሥር ተንከባላ ስትደርስ፣
ቀሚሷን ጣል አርጋ ዝም ብላ ቆመች።
«ወዴት ሄደች?» ቢሏት፣
«ወንዝ ገባች» አለች።

ተምጫን በረበሩ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌት፤
ዓሣ ይዘው ተመለሱ።
ድንበር የሌለበት
ዓመት ሆነ ያ ዓመት።
ከብቱ ተቀላቅሎ፣ የማን የማን ሳይለይ፣
አጨዱላት አብረው፣ የታችም የላይ።

ስትሞት፣ ጎታዋን ሲከፍቱ ለተዝካር፣
ከጤፉ መካከል ተኝታለች ሩር።

ማን እንደ ሳቀ ፊት፣ ጫኔም አያውቀው።

ዛሬም በጨዋታው አንዲት ሕግ አለች፦
ሩር የአንጓችን ማሳ ጠርዙን ከነካች
ዱላው ሁሉ ዝቅ ይላል። ዳኛው በጋቢው ጠቅልሎ
«የታለች?» ይላል፣ ሰማይ ሰማይ አይቶ፣ የማያውቅ መስሎ፤
ሜዳው ባንድ አፍ፦
«ወንዝ ገባች!»